ባዮኬሚስትሪ በቦይ ዳር

የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናውን መጀመሪያ የወደቅኩት በጥቂት ነጥብ ነው። በጥቂት መውደቅ የሚያጽናና የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አያጽናናም። በብዙ ብወድቅ ኖሮ አላውቅም ብዬ አርፌ እቀመጥ ነበር። በጦርነቱ ተቋርጦ፣ ተቀጥሎ፣ እንደገና ተቋርጦ ያለቀውን ትምህርት ጨርሼ፣ ካባ ለብሼ ፎቶ ተነስቼ፣ ፎቶውም መርሳ ከተማ ፍሬም ተሠርቶለት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ፣ ፈቃድ የሌለኝ ሐኪም ሆኜ እናትና አባቴ ቤት ገባሁ። ፈቃድ የሌለው ሐኪም ሥራ አይመደብም፣ መድኃኒት አያዝም፣ ማኅተምም የለውም።

የወደቅኩበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ባዮኬሚስትሪ ነው። ከጠቅላላው ፈተና የእሱ ድርሻ ትንሽ ነው እየተባለ ስለሚወራ፣ ስንዘጋጅ ሁላችንም የሮጥነው ወደ በሽታውና ወደ መድኃኒቱ ነበር። እኔ ደግሞ ባዮኬሚስትሪን ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስማር ሸምድጄ፣ ተፈትኜ፣ በማግስቱ ረስቼዋለሁ። ፈተናው ላይ ጥያቄዎቹ ተራ በተራ ሲመጡብኝ በማላውቀው አገር መናኸሪያ የወረድኩ ያህል ግራ ገባኝ። ለአብዛኞቹ «ሲ»ን መረጥኩ። ለምን «ሲ»ን እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

ያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምናጠናው። እነሱ አለፉና ወደየተመደቡበት ሄዱ። እኔ የማንንም ፊት ማየት ስላልፈለግኩ መጽሐፌን ጠቅልዬ ወደ ቤት ወረድኩ። መጽሐፍ የምለው ከአንድ ወፍራም የፈረንጅ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በሽቦ የተጠረዘውን ነው፤ ግማሹ ገጽ ደብዝዟል፣ ሥዕሎቹም ጥቁር በጥቁር ናቸው። ሁለተኛው ፈተና ሁለት ወር ያህል ይቀረው ነበር። ሁለተኛውንም ከወደቅኩ ምን እንደምሆን አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ቤታችን በመርሳና በግራና መካከል ካሉት መንደሮች በአንዱ፣ መስኖ በሚገባበት ሜዳ ላይ ነው። በመንደሩ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለኝ። አጠራሩ የተጀመረው ሕክምና ለመማር የሄድኩ ዕለት ነው፤ ገና አንድ ገጽ ሳላነብ ማለት ነው። መውደቄን ግን የነገራቸው የለም። እናቴ ለጎረቤቱ «እረፍት ላይ ናት» አለች፣ እኔም አላረምኳትም። ስለዚህ እረፍት ላይ ያለ ሐኪም የሚደርስበት ሁሉ ደረሰብኝ። ክንዱን የሚያሳየኝ መጣ፣ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ «ይህ ነገር ለምንድነው የሚሆነው?» የሚለኝ መጣ። አንድ ቀን አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ሕፃን አዝላ መጣች። ዳስሼ አየሁት፤ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ አውቄያለሁ።

«መርሳ ውሰጂው፣ ጤና ጣቢያ» አልኳት።

«አንቺ እያለሽ?» አለችኝ።

ከእሷ ጋር እስከ መንገዱ ሄጄ ባጃጅ ላይ አሳፈርኳት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መጽሐፌን ይዤ ከቤት መውጣት ያዝኩ።

የምሄደው አባቴ ወደሚውሉበት ነበር። አባቴ የውሃ አባት ናቸው። ከወንዙ ተጠልፎ በሚመጣው ቦይ የሚጠቀሙት ገበሬዎች መርጠው የሾሟቸው ሰው ናቸው፤ ውሃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሆነ ይደለድላሉ፣ የሰው ተራ የነጠቀውን ይቀጣሉ፣ ለቦይ ጠረጋ ያልወጣውን ይገሥጻሉ። በጋውን ሙሉ ቦዩ ከወንዙ በሚነሳበት ቦታ፣ ከአንዲት ሾላ ሥር ይውላሉ። ትምህርታቸው መሠረተ ትምህርት ነው። ጠባያቸው ደግሞ ያልገባቸውን ነገር ማለፍ አለመቻል ነው። ሰው ሲያወራ መሀል ገብተው «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዴት ሆኖ?» ይላሉ። በዚህ የተነሳ ቤተሰባችን ብዙ ቦታ አፍሯል፤ በገዛ እኅታቸው ልጅ ሰርግ ላይ መምህሩን ስብከቱ መሀል አስቁመው ጠይቀው ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ከማን እንደወረስኩት እናቴ ባለችበት አይነሳም።

ሾላው ሥር ተቀምጬ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ድምፅ ካላወጣሁ አይገባኝም። አንድ ገጽ ሳልጨርስ አባቴ መጡ።

«ምንድነው እሱ?» አሉ።

«ትምህርት ነው።»

«እሱማ አየሁ። ስለ ምን?»

«ስኳር ሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር።»

«ምን ይሆናል?»

«አባባ፣ ይህ በአማርኛ አይሆንም። ስሙ ሁሉ የፈረንጅ ነው።»

አካፋቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩኝ። «ስሙ ይቅር። ነገሩን ንገሪኝ» አሉ። ገጹን ሳገላብጥ ጊዜ ጨመሩ፤ «ወይስ ላንቺም አልገባሽ?»

ነደደኝ። የነደደኝ ስለተናገሩኝ አይደለም፤ ስላወቁብኝ ነው። መጽሐፉን ዘጋሁና በቁጣ ጀመርኩ። ስኳር ሴል ውስጥ ገብቶ በአሥር ደረጃ እንደሚቆራረስ፣ በየደረጃው ሥራውን የሚያፋጥን ኢንዛይም የሚባል ሠራተኛ እንዳለ፣ ከአሥሩ ግን ዋነኛው አንዱ እንደሆነና እሱ ከቆመ ሁሉም እንደሚቆም ነገርኳቸው።

«የቦዩ በር ነዋ» አሉ።

«ይሁን፣ በር ነው።»

«ማን ነው የሚዘጋው?»

የኢንዛይሙን ስም አውቃለሁ፤ ረጅም ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ልጠራው እችላለሁ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ እንዳለም አውቃለሁ። ማን እንደሚዘጋው ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መጽሐፉን መልሼ ከፈትኩ። አባቴ ጠበቁኝ። አንድ ገበሬ ስለ ተራው ሊያነጋግራቸው ሲመጣ በእጃቸው ቆይ አሉት።

«ከሥራው የሚገኘው ነገር ራሱ ነው የሚዘጋው» አልኩ በመጨረሻ። «ስኳሩ ተቃጥሎ ጉልበት ይሆናል፤ ጉልበቱ ሲበዛ ወደ ላይ ተመልሶ በሩን ይዘጋል።»

«ጎሽ! እንደኛው ነው እንግዲህ» አሉ። «ማሳው የጠገበለት ሰው ራሱ ወጥቶ ይዘጋል። ካልዘጋ እቀጣዋለሁ።» ከዚያ ወደቆመው ገበሬ ዞሩና «ሰማህ?» አሉት።

ሰውዬው ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «ሰምቻለሁ ጋሼ፣ ደግሞም ዘግቻለሁ» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጥናቱ አካሄድ ይህ ሆነ። ጠዋት አንድ ምዕራፍ ለብቻዬ አነባለሁ። አባቴ ውሃውን አዙረው ሲመለሱ፣ ምሳችንን እየበላን፣ ያነበብኩትን የፈረንጅ ስም ሳልጨምር እነግራቸዋለሁ። ስም ከወጣብኝ እጃቸውን ያነሳሉ። መጀመሪያ የማስተምራቸው እኔ መስሎኝ ነበር። ሦስት አራት ቀን ሲሆን ግን የት የት ላይ እንደማላውቅ የሚያሳዩኝ እሳቸው እንደሆኑ ገባኝ። የማስረዳው ነገር ገብቶኝ ከሆነ በዝምታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሸምድጄው ከሆነ ይጠይቃሉ። እንዴት እንደሚለዩት አላውቅም። ምናልባት በውሃ ተራ ጉዳይ የሚዋሹ ገበሬዎችን ሲሰሙ ስለኖሩ ይሆናል።

አንድ ሳምንት ስለ ጎደሉ ኢንዛይሞች አወራን። ሰው ከእናቱ ማኅፀን ይዞት ከሚወለደው በሽታ ብዙው፣ አንዱ ሠራተኛ ስለጎደለ ሥራው እሱ ደረጃ ላይ ሲቆም የሚመጣ ነው አልኳቸው።

«ቦይ ሲደፈን ከላይ ያለው ማሳ ይጥለቀለቃል፣ ከታች ያለው ይደርቃል» አሉ። «ውሃው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ በጎን ሰብሮ የማይገባበት ይገባል።»

ይህችን ይዤ ስለማውቃቸው በሽታዎች አንድ በአንድ አባቴን ጠየቅኳቸው። በደም ውስጥ የሚከማቸው የቱ ነው፣ የሚያንሰው የቱ ነው፣ በጎን የሚፈሰው ምን ያመጣል? የአንዱንም ስም ሳያውቁ ሁሉንም መለሱ። እኔ ለፈተና ስል በሠንጠረዥ አድርጌ በቃሌ ልይዘው ስታገል የኖርኩትን ነገር ማለቴ ነው። አንዱ በሽታ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሲያዝኑ ዋሉ። ማታ ራት ላይ፣ «ለዚያ ሕፃን ታዲያ ምን ይደረግለታል?» አሉኝ። ያ የማይፈጭለት ነገር ያለበትን ምግብ ገና በጨቅላነቱ ይከለከላል አልኳቸው። «ከምንጩ መቀነስ ነው» ብለው ደስ አላቸው።

በአባቴ ቦይ መተማመን የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ጥያቄ ሲከብደኝ መጽሐፉን ከመክፈቴ በፊት ቦዩን አያለሁ፣ መልሱም ብዙ ጊዜ እዚያ አለ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ረሃብ ምዕራፍ ደረስን። ይህን ምዕራፍ ለአባቴ ማስረዳት ከበደኝ። እሳቸው ረሃብን በወጣትነታቸው አይተውታል፤ አያወሩትም፣ እኛም አንጠይቃቸውም። መሬት መሬት እያየሁ ጀመርኩ። ሰው ምግብ ሲያጣ መጀመሪያ ጉበቱ ያስቀመጠውን ስኳር ያወጣል፤ ያ በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ከዚያ ከሥጋው እየቆረሰ አዲስ ስኳር ይሠራል። ጡንቻው ስብ ያቃጥላል፣ ስኳሩ ግን ለአንጎል ይቀመጣል።

አባቴ በአካፋቸው ጫፍ መሬቱን ጫሩ። በኋላ «እንግዲህ አንጎል ችግኝ ነው» አሉ።

በቦዩ ላይ ከሁሉም የጠበቀው ሕግ ይህ ነው። ውሃ ሲያጥር ችግኝ ያለው ሰው ተራ አይጠብቅም። ያደገ ማንጎ ይታገሣል፣ የሽንኩርት ችግኝ ግን አንድ ቀን ከተጠማ አለቀለት። አባቴ በዚህ ሕግ የተነሳ ከገዛ ወንድማቸው ጋር ተኮራርፈው አንድ በጋ ከርመዋል። እኔም ነገሩ ስለተስማማኝ በገጹ ኅዳግ ላይ «አንጎል ችግኝ ነው፣ አይነፈግም» ብዬ ጻፍኩ። ምዕራፉ ገና ሁለት ገጽ ይቀረው ነበር። የግራና ገበያ ቀን ስለነበር እናቴ ሽንኩርት እንዳሸክማት ጠራችኝ። ሁለቱን ገጾች በዓይኔ ገረፍ አድርጌ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ፈተናው ወልድያ ነበር። በማለዳ ከመርሳ ሚኒባስ ይዤ ደረስኩ፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ግቢው ሄድኩ። የምንፈተነው በኮምፒውተር ነው። ከእኔ ጋር የሚፈተኑት አብዛኞቹ ከእኔ ያነሱ፣ ገና ዘንድሮ የተመረቁ ነበሩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣሁ መሆኔ ፊቴ ላይ የተጻፈ መሰለኝ። ባዮኬሚስትሪው ሲመጣ ግን አልደነገጥኩም። ስሞቹን ትቼ ነገሩን አየሁ። ማን ይዘጋል፣ ከላይ ምን ይከማቻል፣ በጎን ምን ይፈሳል እያልኩ ወረድኩ። እንደዚያ ቀን ፈተና ላይ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንዱ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር። ከሦስት ሳምንት በላይ ምግብ ያልቀመሰ ሰው፣ አንጎሉ በብዛት የሚጠቀመው ምንድነው? ከምርጫዎቹ አንዱ ግሉኮስ ነው፣ ማለትም ስኳር። ሌላው ኪቶን ነው፤ ጉበት ከስብ የሚሠራው ነገር። እጄ መጀመሪያ ኪቶንን ነካ። ከየት እንደመጣብኝ ስላላወቅኩ ተጠራጠርኩ። ያን ጊዜ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ችግኝ ተራ አይጠብቅም። ኪቶንን ሰርዤ ግሉኮስን መረጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ ለአፍታም አላመነታሁ።

ሚኒባሱ ከወልድያ ሳይወጣ መጽሐፉን ከፈትኩ። የዘለልኩት ሁለት ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ረሃቡ ሲረዝም አንጎል ይለምዳል። አብዛኛውን ጉልበቱን ከኪቶን ያገኛል፤ የተረፈውን ስኳር ሌላ ነገር ማቃጠል ለማይችሉት ለቀይ የደም ሴሎች ይተውላቸዋል። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ የማለቅስ መስሏቸው መስኮቱን ከፈቱልኝ። አላለቀስኩም፤ በሆዴ እየተሳደብኩ ነበር።

አባቴ መንገዱ ድረስ ወጥተው እየጠበቁኝ ነበር። ያን ሰዓት ቦዩን ትተው ሲመጡ አይቼ አላውቅም። ከባጃጁ ስወርድ «እንዴት ሆነ?» አሉኝ፣ ፊታቸው ሁሉ እየሳቀ።

«አንቱ ነዎት ያሳሳቱኝ» አልኳቸው።

ይህን ዓረፍተ ነገር እስካሁን ደጋግሜ እሰማዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጥያቄ መሀል የረዱኝን ነገር አልነገርኳቸውም። ያቺን አንዷን ብቻ አንስቼ፣ ባጃጁ እንኳ ሳይሄድ፣ ሰው እየሰማ፣ አንጎል ችግኝ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ረሃቡ ሲረዝም ስኳሩን እንደሚተው፣ እሳቸው ችግኝ ባይሉኝ ኖሮ መልሱን በትክክል ነክቼው እንደነበር ነገርኳቸው።

«ስኳሩን ለማን ይተዋል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለቀይ የደም ሴል! እሱ ሌላ ምግብ አያውቅም። አንጎል መልመድ ይችላል፣ እሱ ግን አይችልም።»

«አሃ» አሉ። ቦርሳዬን ተቀበሉኝና ከፊት ከፊት እየሄዱ ወደ ቤት ወሰዱኝ።

ውጤቱ እስኪመጣ ብዙ ሳምንት ፈጀ። ወደ ሾላው መሄድ ተውኩ፤ የማነበው አልነበረኝም፣ አባቴም ነይ አላሉኝም። ቤት ውስጥ ሲያወሩ ስለ በርበሬ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዘመድ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሆነን፣ እጃቸውን ሳህኑ ላይ እንዳደረጉ፣ «አንድ ጥያቄ ሰው ይጥላል?» አሉኝ።

«ባለፈው የጣለኝ ስንት መሰለዎት?» አልኩ።

ይህን ያልኩት ተናድጄ አልነበረም። እውነት ስለነበር ነው፣ እሱ ነው የባሰው። እናቴ «አንቺ!» አለች። አባቴ እጃቸውን ታጠቡና አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ሁለት ገጽ መዝለሌን፣ ያን ዕለት ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ጥፋቱን የምጥልበት ሰው እንዲኖረኝ ፈልጌ ይመስለኛል። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

በዚያው ሰሞን ወንዙ እየሳሳ መጣ። አንድ ቀን እናቴ ከገበያ ስትመለስ ሰው በአባቴ ላይ እንደተቆጣ ሰምታ ነገረችኝ። ከጉድጓድ ውሃ የሚስቡበት ሞተር ያላቸው ሦስት ገበሬዎች ነበሩ፣ ሦስቱም ችግኝ አላቸው። አባቴ ለነሱ ቅድሚያውን ከለከሉ። «ሞተር ያለው ሌላ መጠጫ አለው። ከቦዩ በቀር ምንም የሌለው ይቅደም» አሉ። ችግኝ አይደለም ወይ ተብለው ሲጠየቁም፣ የሚተርፍበት ሌላ መንገድ ያለው ችግኝ ይታገሣል ብለው መለሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠበቁትን ሕግ ነው የለወጡት። ከየት እንዳመጡት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ሄጄ ሰማሁ አላልኳቸውም።

ውጤቱ በስልክ የሚታይ ነበር፣ መንደራችን ውስጥ ግን ኔትወርኩ አንድ ገጽ አይከፍትም። መርሳ ሄጄ አንድ ጁስ ቤት ተቀመጥኩ። ቁጥሬን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኩት። በሦስተኛው ገጹ ተከፈተ። አልፌያለሁ። ያለፍኩትም በሰፊ ነጥብ ነው። የጁስ ቤቷ ባለቤት ምን እንደጮህኩ ስላልገባት ውሃ ይዛልኝ መጣች።

ቤት አልሄድኩም፣ በቀጥታ ወደ ሾላው ነው የሄድኩት። አባቴ አምስት ስድስት ገበሬዎችን አስቀምጠው ጉዳይ እየሰሙ ነበር። ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሱ። «አለፍኩ!» አልኩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው አማተቡ። ከዚያ ባሉበት ተቀመጡ። ከገበሬዎቹ አንዱ ግራ ገብቶት፣ «መጀመሪያስ አላለፈችም ነበር እንዴ?» አለ።

አጠገባቸው ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያቺ ጥያቄ የእኔ ጥፋት እንደነበረች፣ ገጹን ዘልዬው እንደነበር፣ ያለፍኩትም በእሳቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። ዘግይቷል ግን ነገርኳቸው። «ይሁን፣ ይሁን» አሉ፣ ራሴን እየዳበሱ።

እሑድ ስለታቸውን ሊያደርሱ ጧፍ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ። ከፈተናው በኋላ ተስለው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። እናቴን ምን እንደተሳሉ ጠየቅኳት፤ ጃንጥላ ወይም በግ ይሆናል ብዬ።

«አፋቸውን ነው» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ልጄን አሳልፍልኝ እንጂ ዳግመኛ በእሷ ትምህርት አፌን አላስገባም፣ የማላውቀውን ጠይቄ አላሳስታትም ብለው ነው የተሳሉት።»

ሳቅኩ። አንድ ሳምንት የሚቆይ መስሎኝ ነበር። አባቴን ጠያቂነታቸውን ተው ማለት ውሃውን ወደ ላይ ፍሰስ እንደማለት ነው የመሰለኝ።

አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ማኅተምም አለኝ። እረፍት ሳገኝ ቤት እመጣለሁ፤ ዘንድሮ እረፍቱ የእውነት ነው። አባቴ ዛሬም ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ይጠይቃሉ። ስለ ባቡሩ ሐዲድ ሐራ ድረስ መምጣት፣ ስለ አዲሱ የሽንኩርት ዘር፣ ስለ ስልኬ ያላቸው ጥያቄ አያልቅም። ስለ ሕክምና ሳወራ ግን ጸጥ ብለው ይሰሙኝና «እናንተ ታውቃላችሁ» ይላሉ። ወደ ነፍስ አባታቸው ሄጄ ከስለቱ እንዲፈቷቸው ለመንኩ። ቄሱ ፈገግ አሉ። «ሌላው ሰው አባቱ ዝም እንዲሉለት ይለምነኛል፣ አንቺ ደግሞ እንዲናገሩልሽ» አሉኝ። ቀጥለውም ስለቱ የባለ ስለቱ እንደሆነ፣ እሳቸው ካልጠየቁ የሚፈታ ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። አባቴ ደግሞ አይጠይቁም።

ፈቃዱን መልሰሽ ስጪ ብባል አልሰጥም፣ ይህን አልዋሽም። ግን ጥያቄያቸው ይናፍቀኛል። አሁን በሽተኛ ሳይ የሚያስፈራኝ የማላውቀው ነገር አይደለም፤ እሱን እፈልገዋለሁ። የሚያስፈራኝ ያወቅኩት የመሰለኝ ነው። ያን የሚለይልኝ ሰው አንድ ነበር።

ባለፈው ስመጣ ሾላው ሥር ተቀምጠን ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ አጫወትኳቸው። ለቀናት ታማ ምግብ እምቢ ብላ ራሷን ስታ ነበር ያመጧት። ደሟን ብንለካው ስኳሩ አልቋል፤ በደም ሥሯ ስንሰጣት እናቷ እቅፍ ውስጥ እንዳለች ዓይኗን ገለጠች። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ትልቅ ሰው ያን ያህል ቀን ሲችል ትንሽ ልጅ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅባት ግን ሆን ብዬ አስቀረሁት። ወሬውን እዚያ ላይ አቁሜ ጠበቅኩ።

አባቴ አካፋቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ከንፈራቸው ተላቀቀ። ጥያቄው ፊታቸው ላይ ይታየኝ ነበር። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉና የቦዩን በር ሊያዩ ተነስተው ሄዱ። በሩ ምንም አልሆነም፣ ከተቀመጥኩበት ይታያል። ሊጠይቁኝ የነበረው ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።